«ጆሮው ይሠራል» ከተባለ በኋላ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከዓድዋ በዓል ማግሥት የሚውለውን የዓለም የመስማት ቀን ምክንያት በማድረግ ያወጣችሁትን ዜና አንብቤዋለሁ። በእርዳታ የመጣ የመስሚያ መሣሪያ የመስማት ችግር ላለባቸው ሕፃናት በአንድ ቀን መታደሉን ይናገራል። ከዜናው ጋር በወጣው ፎቶ ላይ ከሦስት ዓመት የማትበልጥ ልጅ መሣሪያው ከጆሮዋ ጀርባ ተንጠልጥሎላት ትታያለች። ዙሪያዋን የቆሙት ሁሉ ይስቃሉ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰብስባለች፤ ከሥሩ በደስታ እንዳለቀሰች ተጽፏል። ልጅቷን አላውቃትም፤ ምናልባት እውነትም ደስ ብሏት ይሆናል። የእኔ ልጅ ግን ትከሻውን እንዲያ ይሰበስብ የነበረው ድምፁ ሲያመው ነው።

እርዳታውን ለመንቀፍ አይደለም የምጽፈው። አንድ የመስሚያ መሣሪያ ለአንድ ቤተሰብ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ ከፍዬ አውቀዋለሁ፤ በነፃ የሚሰጥ ሰው ይባረክ። ነገር ግን ልጆች የማይሰሙበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ድምፅ ስላነሰባቸው የማይሰሙ አሉ። ድምፁ ደርሷቸው ነርቩ አዘበራርቆ ስለሚያቀብል የማይሰሙም አሉ፤ የእኔ ልጅ ከነዚህኞቹ ነው። ሐኪሞቹ የመስሚያ ነርቭ ችግር ይሉታል፤ «ኦዲተሪ ኒውሮፓቲ»። እነዚህን ልጆች ሳይለዩ መሣሪያ መሰካት አንድ ጉዳት ነው፤ ከለዩ በኋላ ደግሞ «ለዚህ መሣሪያ አይሆነውም፣ አትድከሙ» ብሎ መመለስ ሌላ ጉዳት ነው። ሁለቱም በልጄ ላይ ደርሰዋል፤ ስለዚህ ስለ ሁለቱም መናገር እችላለሁ።

ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ነው፤ ሥራዬ የሒሳብ ሠራተኛ። ልጄን በዚህ ደብዳቤ አቡሽ እያልኩ እጠራዋለሁ፤ ስድስት ዓመቱ ነው።

የደሜ ዓይነት ኦ ኔጋቲቭ ነው። እናቶቻችን ሾተላይ የሚሉት ነገር የሚመጣው እንደ እኔ ባለች እናት ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጄ በሰላም ተወለደች። የእሷ ደም ፖዘቲቭ ስለነበረ በ72 ሰዓት ውስጥ የአንቲ-ዲ መርፌ፣ ማለት የእኔ ደም የሚቀጥለውን ልጅ ደም እንዳያጠቃ የሚከላከለውን፣ መወጋት ነበረብኝ። የወለድኩበት ጤና ተቋም መድኃኒቱ የለንም፣ ከውጭ ግዙ አለ። ባለቤቴ የከተማውን ፋርማሲ ሁሉ ዞሮ አጥቶት ተመለሰ፤ አዲስ አበባ ሰው ልኮ እስኪያስመጣ ሰዓቱ አለፈ። ሁለተኛው አቡሽ ነው። በተወለደ በማግሥቱ የዓይኑ ነጭ ሳይቀር ቢጫ ሆነ። ሊጠይቁኝ የመጡት ሁሉ «ፀሐይ አሙቂው፣ ይለቀዋል» ይሉኛል። እንዲህ ያለው ቢጫነት በጠዋት ፀሐይ የሚለቅ አይደለም፤ አንዲት ጎበዝ አዋላጅ ነርስ ናት ሪፈር አስጽፋ አዲስ አበባ ያስላከችን። እዚያ በሰማያዊ መብራት ሥር ተኛ፤ ደሙም በሌላ ደም ተለወጠ። ነፍሱ ተረፈች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ማንም ያልነገረን የቀረውን ነው። በደም ውስጥ ሲበዛ ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ወደ አንጎል ከዘለቀ ከሚጎዳቸው ቦታዎች አንዱ የመስሚያ ነርቩና ነርቩ የሚያርፍበት የአንጎል ግንድ ነው። ድምፅ የሚቀበሉትን የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ግን በአብዛኛው አይነካም። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ለሕፃናት በብዛት የሚደረገው ፈጣን የጆሮ ምርመራ፣ ኦኤኢ የሚባለው፣ የሚፈትሸው እነዚያን ሕዋሳት ነው። ትንሽ ቡሽ የመሰለች ነገር ጆሮው ውስጥ ትገባለች፣ ድምፅ ትሰዳለች፣ ጤነኛ ሕዋሳት የሚመልሱትን ደካማ ማሚቶ ትቀዳለች። ማሚቶው ከመጣ «አልፏል» ይባላል። ለክትትል ስንመለስ አቡሽን በዚህ መርምረውት አለፈ። «ጆሮው ይሠራል» ተባልን፤ ወረቀቱ አሁንም ቤቴ አለ። ከተፈተሸው ክፍል አንጻር ውሸት አልጻፉም። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን ያየው የለም።

ሁለት ዓመት ሞላው፣ አፉን አልፈታም። አማቴ «ወንድ ልጅ ቶሎ አፉን አይፈታም፤ አባቱም ሦስት ዓመቱ ድረስ ዝም ነበር» ትለኛለች። (አባቱ ዛሬም ብዙ አያወራም፤ ማስረጃ ከሆነ።) እኔን ያስጨነቀኝ ዝምታው ብቻ አልነበረም፤ ነገሩ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። ዛሬ ወጥ ቤት ክዳን ሲወድቅ ከሳሎን ዞሮ ያያል፤ ነገ አጠገቡ ቆሜ በስሙ ስጠራው ንቅንቅ አይልም። የከበሮ ድምፅ ሲሰማ ይወዛወዛል፤ «ና ብላ» ሲባል ግን ወሬው አይደርሰውም። ጎረቤት «ይሄ ልጅ እልኸኛ ነው፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል» ይላል። አንድ ዘመድ ደግሞ እጄን ይዞ ቅጪው አለኝ። የመስሚያ ነርቭ ችግር ያለበት ልጅ መስማቱ ከቀን ቀን፣ ከቦታ ቦታ እንደሚለዋወጥ ኋላ ነው የተማርኩት። ሠፈርተኛው እልኸኛ የሚለው የበሽታው ዋነኛ ምልክት ነበር።

አዲስ አበባ ወስደን ኤቢአር የሚባለውን ምርመራ አስደረግን። ልጁ ተኝቶ ግንባሩና ከጆሮው ጀርባ ላይ ሽቦ ይለጠፋል፤ ጆሮው ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰዳል፤ ድምፁ በነርቩ አድርጎ ወደ አንጎል ሲወጣ በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ የሚፈጠረው ማዕበል ይመዘገባል። የአቡሽ ወረቀት ላይ ማዕበል የለም፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። መርማሪው በሁለቱም ጆሮ ድብን ያለ የመስማት ችግር እንዳለ ጻፈ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሕንፃ፣ ከፍተኛ ጉልበት ያለው መሣሪያ ተሸጠልን። የአቡሽ መስማት ምን ያህል እንደሆነ በሌላ መንገድ የጠየቀ አልነበረም። ቀጥ ያለው መስመር በቃ።

መሣሪያው የበራ ዕለት ጮኸ። ትከሻው ወደ ላይ፣ እጁ ወደ ጆሮው። ይለምደዋል ተባልን። ቤት ስንደርስ ነቅሎ ወረወረው፤ ስንሰካ ይነቅላል፣ ስንሰካ ይነቅላል። እኛ የምናየው ደስታ ከሌላው የተለየ ነው መሰለኝ እያልኩ ታገስኩ። ኋላ ላይ ሌላ ቦታ ስንወስደው ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ኦኤኢው አለ፣ ኤቢአሩ የለም፤ ይህ የነርቭ ነው፣ ለነርቭ ደግሞ መሣሪያ አይሠራም» አለን። ስለ ኮክሌር ኢምፕላንት፣ ማለት በቀዶ ሕክምና ውስጥ ጆሮ ውስጥ ስለሚተከለው፣ ነገረንና ዋጋውን ሲጠራ ባለቤቴ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። መሣሪያውን በሶፍት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት።

ነገሩን የፈታችልን አንዲት ወጣት ኦዲዮሎጂስት፣ የመስማት ምርመራ ባለሙያ ናት። ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም። የመጀመሪያውን ኤቢአር ዐይታ «ጠቅታውን በምን ዓይነት ነው የሰጡት?» አለች። እኔ ምኑን ዐውቄ? ልጁን አስተኝታ እንደገና ለካችው። ጠቅ የሚለው ድምፅ አንዴ አየሩን ገፍቶ፣ አንዴ ስቦ እንዲጀምር አድርጋ ለየብቻ መዘገበችና ሁለቱን መስመር በስክሪኑ ላይ አንዱን ባንዱ ላይ ደረበችልኝ። መጀመሪያው ላይ አንዱ ወደ ላይ ሲነሣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥቂት ውጣ ውረድ፣ በትክክል ተገለባብጦ። ከዚያ በኋላ የነርቩ ማዕበል መታየት ያለበት ቦታ ባዶ ነው። «ይህ መጀመሪያ ላይ ያለው የውስጥ ጆሮው የራሱ ምልክት ነው፤ የነርቭ ቢሆን እንዲህ አይገለበጥም» አለችኝ። የድምፁን ቱቦ በጣቷ ቆልምማ ስትዘጋው ምልክቱ ጠፋ፤ ስለዚህ የማሽኑ የኤሌክትሪክ ጣጣ አይደለም። የመጀመሪያው መርማሪ ሁለቱን ዓይነት ጠቅታ እያፈራረቀ አንድ ላይ ስለደመራቸው ተጣፍተው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ቀርቷል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህ ወዲያው ገባኝ፤ ዴቢቱና ክሬዲቱ ተካክሎ ሚዛኑ ዜሮ የሆነ ሒሳብ ገንዘብ አልተንቀሳቀሰበትም ማለት አይደለም።

ቀጥላ የነገረችኝን በራሴ አነጋገር ልጻፈው። ኤቢአር ላይ ማዕበል የሚታየው ብዙ ሺህ የነርቭ ክሮች እኩል፣ በአንድ ቅጽበት ሲልኩ ነው። በእነዚህ ልጆች ክሮቹ በየራሳቸው ጊዜ ስለሚልኩ ማዕበል ሆኖ አይደመርም። ልጁ ግን የሆነ ነገር ይሰማል፤ አንዳንዱ በጣም ጥቂት፣ አንዳንዱ ጤነኛ ልጅ የሚሰማውን ያህል ቀጭን ድምፅ ሳይቀር። ስለዚህ በእነሱ ላይ ኤቢአርን አይቶ ምን ያህል እንደሚሰሙ መተመን አይቻልም፣ በዚያ ልክ መሣሪያ መሙላትም አይቻልም። መለካት ያለበት የልጁ የራሱ ምላሽ ነው። ግማሽ ዓመት ካለፈው ሕፃን ጀምሮ ድምፅ በመጣ ቁጥር ወደሚበራ አሻንጉሊት ዘወር ማለትን በማስለመድ ይለካል። ትንሽ ከፍ ላለው ደግሞ ጨዋታ አለ።

አቡሽ ያኔ ሦስት ዓመት አልፎታል። በታሸገ ክፍል ውስጥ ትንሽ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ፊቱ ቅርጫት፣ በእጁ የእንጨት ኩብ። ድምፅ ሲሰማ ኩቡን ቅርጫት ውስጥ መጣል ነው ሥራው። መጀመሪያ ጨዋታው እስኪገባው እጁን ይዛ አብራው ጣለች። ከዚያ ለቀቀችው። እኔ ከኋላው ተቀምጬ ትንፋሼን ውጬ አያለሁ። ኩቧን ጉንጩ ላይ አስጠግቶ፣ ዓይኑን አንድ ቦታ ተክሎ ይጠብቃል፤ ድንገት ፊቱ ይለወጥና ጣል! ዘወር ብሎ ያየኛል። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ድምፁ በማዳመጫ ነው የሚገባለት። ያ «ድብን ያለ» የተባለ ልጅ በአብዛኛው ድምፅ ላይ ኩቡን የጣለው 50 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ሰው በቅርብ ሆኖ ሲነጋገር ድምፁ ወደ 60 ይጠጋል። ከዚህ የምትረዱት፣ በመጀመሪያ የተሰካለት መሣሪያ ልጁ የሚሰማውን ድምፅ ወስዶ ሲያጮህበት እንደከረመ ነው። ባለሙያዋ እንዳለችው ያ ዓይነቱ ጩኸት ያሉትን ጤነኛ ሕዋሳትም ሊጎዳ ይችላል።

መሣሪያውን ከመሳቢያ አወጣነው። ድምፁን በልኩ ቀንሳ በኮምፒውተር አስተካከለችው፤ ለጆሮው በልክ የተሠራ አዲስ ሞልድ፣ ማለት ጆሮው ውስጥ የሚገባውን የመሣሪያውን ክፍል፣ አሠራችለት። «ይህ ሙከራ ነው፤ ይጠቅመዋል ብዬ ቃል አልገባም» አለች። ደብተር ያዝኩ። ከጀርባው ሲጠራ መዞሩን፣ የትኛውን ቃል ማለቱን፣ ከየትኛው ክፍል መስማቱን በየቀኑ እጽፍ ነበር። እየቆየ ነገር መለወጥ ጀመረ። ጧት ራሱ መሣሪያውን ይዞ ይመጣል። «ውሃ» አለ። ከሌላ ክፍል እህቱ ስትጠራው «እ?» አለ፤ እሷ ደንግጣ ስሙን መላልሳ ጠራችው፣ እስኪበሳጭ።

ከዚያ ወዲያ ነው ማታ ማታ ልጆች ሲተኙ ማንበብ የጀመርኩት። በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም አርኖልድ ስታርና ባልደረቦቹ በጻፉት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጣሊያን አገር ኮሞ ከተማ ላይ ባለሙያዎች ተሰብስበው የሕፃናቱን አያያዝ መመሪያ አወጡለት። ዘላቂ የመስማት ችግር ካለባቸው ልጆች ከአሥሩ አንድ የሚሆነው የዚህ ዓይነት ሊሆን እንደሚችል ይነገራል። ከሁሉም የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ2002 ከአውስትራሊያ ሜልቦርን የወጣውን ጥናት ነው፦ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከመሣሪያው እውነተኛ ጥቅም አግኝተው ንግግር መለየት ችለዋል፤ ግማሹ አልቻሉም። ማን ከየትኛው ወገን እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚናገር ማሽን የለም። ሞክሮ፣ ተከታትሎ፣ መዝግቦ ነው የሚታወቀው። «አይሠራም» ያለን ሐኪምም፣ በዚያው ቀን የሸጠልን ሰውም የዘለሉት ይህንን ነው።

እውነቱን ሳልደብቅ ልናገር፤ መሣሪያው አቡሽን እንደሌላው ልጅ አላደረገውም። ጸጥ ባለ ቤት፣ ፊት ለፊት፣ ቀስ ተብሎ ሲነገረው ብዙውን ይይዛል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ግን ጥጉን ይዞ ይቀመጣል። መሣሪያው ድምፅን ያጎላል እንጂ ነርቩ የሚያዘበራርቀውን ጊዜ አያስተካክልም። ቅርብ ለቅርብ የሆኑ ድምፆች ይምታቱበታል፤ ተ እና ጠ፣ ከ እና ቀ። አንድ ሰኞ መዋዕለ ሕፃናት ሄዶ ለአስተማሪዋ እያለቀሰ «አባባ መታ! አባባ መታ!» አላት። እትዬ ደንግጣ አባቱን አስጠራችው። ያ ዝምተኛ ሰው ግራ ገብቶት ቆሞ ሳለ አቡሽ ሮጦ እግሩን አቀፈው። ሊል የፈለገው «አባባ መጣ» ነው፤ በመስኮት አይቶት ኖሯል። አሁን እንስቅበታለን፤ ያን ዕለት ግን ባሌ ምሳውን አልበላም።

ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ከሃምሳ የማያንስ ልጅ አለ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጤነኛው ልጅም አይሰማም። ለአቡሽ የጠቀመው ሌላ ትንሽ ዕቃ ነው፤ አስተማሪዋ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ማይክሮፎን፣ ድምፅዋን በቀጥታ ወደ መሣሪያው የሚልክ። ከጫጫታው መሃል የእሷ ድምፅ ብቻ ተለይቶ ጆሮው ውስጥ ይገባል። ለእነዚህ ልጆች መሣሪያ የሚሰጥ ሰው ይህንን አብሮ ቢያስብ ከሁለተኛ መሣሪያ ይልቅ ይጠቅማል እላለሁ። እትዬ መጀመሪያ ላይ ሳትዘጋው ሽንት ቤት ትሄድ ነበር፤ አቡሽ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይስቃል።

የምልክት ቋንቋም ጀምረናል፤ ልጁም እኛም። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ዘመዶች አሉኝ፤ «እንዲህ ካስለመድሽው መናገር ይተዋል» ይላሉ። አልተወም። ሲናገር የማይገባው ቀን እጁ ይደርስለታል፤ ባትሪ ያለቀበት ቀን፣ ሲታጠብ፣ ማታ መሣሪያው ሲወልቅ በምን እናውራ? እህቱ ከእኔ ቀድማ ቀልጥፋበታለች፤ እራት ላይ ሁለቱ በእጅ እያወሩ እኛን ያሙናል።

ስለ ባትሪ ካነሣሁ አይቀር። ብርቱካናማ ተለጣፊ ያለው 13 ቁጥር ነው የእኛ። ተለጣፊው ተነሥቶ አየር እስኪገባው ትንሽ መጠበቅ አለበት፤ ከዚያ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ይሄዳል፣ በቃ። ደብረ ብርሃን ላይ አላገኘሁም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እለምናለሁ፤ እህቴ ደግሞ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ሲመጣ በሻንጣ ጥግ ትልክልኛለች። ሞልዱም የልጅ ጆሮ ሲያድግ ይጠበዋል፤ ከጆሮው ጋር ካልገጠመ ድምፁ ያፈስና ያፏጫል፣ በሕፃንነት በየጥቂት ወሩ መቀየር አለበት። ያለ ባትሪ፣ ያለ ሞልድ፣ ያለ ማስተካከያ የተሰጠ መሣሪያ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ አንዲት እናት ቤት ብፌ ውስጥ ከስኒዎቹ አጠገብ፣ ከነሳጥኑ አይቼዋለሁ። ባትሪው ደግሞ ሕፃን ከዋጠው ጉሮሮ ሊያቃጥል የሚችል ነው፤ መቆለፊያ ያለው ክዳን ይጠይቃል። ይህንን በዕደላው ቀን ለእናቶቹ የነገራቸው አለ?

በዚህ መካከል ቴሌግራም ላይ አንድ ቪዲዮ በተለቀቀ ቁጥር አሥር ሰው ይልክልኛል፦ ደንቆሮ ሆነው የተወለዱ ልጆች በአንድ መርፌ ሰሙ! ነገሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከቻይና የወጣው ጥናት ከስድስት ልጆች አምስቱ መስማት እንደቻሉ ጽፏል። የእነዚያ ልጆች ችግር ግን ኦቶፍ ከሚባል አንድ ጂን የመጣ ነው፤ ጂኑ ተተካላቸው። የአቡሽ ከቢሊሩቢን የመጣ ነው። ስለዚህ ቪዲዮውን ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ፣ አትላኩልኝ። ኮክሌር ኢምፕላንቱን ግን አልዘጋንበትም፤ ነርቩ በኤምአርአይ ታይቶ በቦታው እንዳለ ታውቋል፤ መሣሪያው የሚሰጠው እድገት ከቆመ ያን ጊዜ የምንወስነው ነው። በቢጫነት ከተጎዱት ሕፃናት አንዳንዶቹ በመጀመሪያው አንድ ዓመት፣ ዓመት ተኩል ነርቩ ራሱ እየተሻሻለ ስለሚሄድ ለቀዶ ሕክምና መቸኮል እንደማይገባም ተነግሮናል።

እንግዲህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይመስለኝም። በቢጫነት ምክንያት ደሙ የተለወጠ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ሲወለድ ታፍኖ የቆየ ሕፃን ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲወጣ በኦኤኢ ብቻ «አልፏል» ተብሎ አይሸኝ። ኤቢአር ያለበት ቦታ ይላክ፤ ቢያንስ መውጫ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ይጻፍለት፣ እናቱ አፉን እስኪፈታ ሁለት ዓመት ቁጭ ብላ እንዳትጠብቅ። ኤቢአር የሚያደርጉ ባለሙያዎች መስመሩ ቀጥ ሲልባቸው ሁለቱን ጠቅታ ለየብቻ ይሞክሩ፤ አዲስ ማሽን አያስገዛም፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። መርማሪውና ሻጩ አንድ ሰው ሲሆን ምን እንደሚመጣ ጤና ቢሮዎች ያስቡበት። መሣሪያ የሚያድሉ ድርጅቶችም ቁጥሩን ቀንሰው ክትትሉን ቢጨምሩ ይሻላል። ከመቶ ልጅ ፎቶ ይልቅ ሠላሳ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቢታይ፣ ለሠላሳዎቹም ባትሪና ሞልድ ቢዘጋጅ እኔ ያንን ዜና ቆርጬ አስቀምጠዋለሁ። በፎቶው ላይ ያለችውን ልጅም መሣሪያው ከተሰካላት ወዲህ ማን እንዳያት ጋዜጣችሁ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ቤተሰቧን ታውቃላችሁና።

አንቲ-ዲውን ደግሞ አልረሳሁትም። ይህ ሁሉ ታሪክ የጀመረው አንድ መርፌ በሦስት ቀን ውስጥ በመጥፋቱ ነው። የደማቸው ዓይነት ኔጋቲቭ የሆነ ነፍሰ ጡሮች በክትትል ጊዜ ስለሚታወቁ መርፌው ምጥ ሳይመጣ ተፈልጎ መቀመጥ ይችላል። ከእኔ በኋላ በመንደራችን ለወለደች አንዲት ጎረቤቴ ባለቤቴ ራሱ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ገዝቶ በበረዶ ይዞላት መጥቷል። ሁለተኛዋን ባለፈው ግንቦት በሰላም ወልዳለች።

እኛ እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ተመሳሳይ ልጆች ያሉን ጥቂት እናቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን። ባትሪ እንበዳደራለን፣ ምልክት እንማማራለን፣ የምርመራ ወረቀትም አብረን እናያለን። መምጣት የምትፈልግ እናት ወይም አባት ካለ አድራሻዬ ከአዘጋጁ ዘንድ አለ። ስትመጡ የምርመራውን ወረቀት ከነግራፉ ይዛችሁ ኑ፤ መጨረሻው ላይ ያለችውን «አልፏል» ወይም «አይሰማም» የምትለዋን መስመር ብቻ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአቡሽ እናት
ከደብረ ብርሃን